ጥይቱን ማን ሞላው?

«ደግሞ በቤተሰብ መጽሔት ላይ የጥይት ወሬ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጥይት የማጀት ጨዋታ አይደለም። ግን ከእኛው መካከል በዕረፍት ቀኑ ሬንተን፣ ኬንት ወይም ቤልቪው ወዳለ የተኩስ ሜዳ ብቅ የሚል ሰው አለ። አንዱ ለስፖርት ነው፤ አንዱ ለአደን ይለማመዳል፤ ሌላው ሱቁን በሌሊት ስለሚዘጋ መሣሪያ ገዝቷል፤ ከገዛ ደግሞ አያያዙን መልመድ አለበት። ተኩሶ ሲመለስ የሚገባው ቤቱ ነው፣ ልጆቹን የሚያቅፈውም በዚያው ልብሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እስቲ ትንሽ እናውራበት።

የዛሬው ርዕሳችን አንዲት ጥያቄ ናት። የተኩስ ሜዳ፣ ሁላችንም እንደለመድነው «ሬንጅ» ልበለውና፣ ስትሄዱ ገና ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ትጠየቃላችሁ፦ «የያዛችሁት ጥይት የፋብሪካ ነው ወይስ በእጅ የተሞላ?» በእጅ የተሞላ ከሆነ ብዙ ቦታ «ይቅርታ፣ እዚህ አይተኮስም» ትባላላችሁ። ሰውዬው የናቃችሁ ወይም ጥይት ሊሸጥላችሁ የፈለገ ሊመስላችሁ ይችላል። እርግጥ ሬንጁም ጥይት ይሸጣል፣ ገበያውን አይጠላም። ነገር ግን ደንቡ ከገበያ ያለፈ ምክንያት አለው።

በእጅ የተሞላ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ጥይት የአራት ነገሮች ስብስብ ነው፦ ቀለሃው፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከፊት የምትሄደው እርሳስ፣ ከግርጌው ደግሞ ፕራይመር የምትባለው ትንሽ መቀጣጠያ። ምላጩ ሲሳብ መሣሪያው ፕራይመሯን ይመታታል፤ እሷ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ባሩዱ ወደ ጋዝ ይለወጥና እርሳሷን ገፍቶ ያስወጣታል። እርሳሷ ሄደች፣ ባሩዱም ተቃጠለ፤ ቀለሃው ግን ይቀራል። ናስ ስለሆነ ተጠርጎ፣ ቅርጹ ተስተካክሎ፣ አዲስ ፕራይመር፣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ ከገባለት እንደገና ይተኮሳል። ይህን ሥራ ጋራዣቸው ውስጥ በትንሽ የእጅ ማሽን የሚሠሩ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው። ሰውየው ለራሱ መተኮሻ ከሞላ የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠይቀውም። እየሞላ መነገድ ከፈለገ ግን የጥይት አምራችነት ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ለምን ይደክማሉ? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። በኮሮና ጊዜ ሱቆች ባዶ ሆነው ጥይት እንደ ሽንት ቤት ወረቀት የጠፋበትን ወቅት የሚያስታውስ ያስታውሳል። እዚህ ሲያትል ከተማ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 መግቢያ ጀምሮ በሻጩ ላይ የተጣለ ግብር አለ፤ በእያንዳንዱ መሣሪያ 25 ዶላር፣ በእያንዳንዱ ጥይት 5 ሳንቲም፣ ካሊበራቸው 0.22 እና ከዚያ በታች ለሆኑት ትንንሾቹ ደግሞ 2 ሳንቲም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2017 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግብሩን አጽንቶታል። 1,000 ጥይት ለሚገዛ ሰው 50 ዶላር ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጥራት ነው። ለኢላማ ውድድር የሚተኩስ ሰው ለራሱ መሣሪያ የሚስማማውን ልክ ፈልጎ ይሞላል፤ እንዲያውም ጎበዙ ሞይ ከፋብሪካው የተሻለ ይሠራል። ይህን መካድ አይቻልም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ ጎበዙን ከግዴለሹ መለየት አለመቻሉ ነው። ሁለቱም ጥይታቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ጥይት ያብረቀርቃል። ከውጭ ሆኖ በውስጡ ምን ያህል ባሩድ እንዳለ በዓይን የሚያይ ሰው የለም።

የሚቻለውንና የማይቻለውን ለመገመት አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 35 ፓውንድ ገደማ ነው። የአሜሪካ የመሣሪያና የጥይት አምራቾች ከ1926 ጀምሮ የጋራ የደረጃ ተቋም አላቸው፤ ያ ተቋም ለተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት የወሰነው ከፍተኛ ግፊት 35,000 ፓውንድ ነው። የጎማውን አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው፣ ያውም ከእጃችሁና ከፊታችሁ ጥቂት ኢንች ርቀት ላይ። መሣሪያው የሚሠራው ይህን እንዲችል ነው። ከዚህ አልፎ ሲሄድ ግን ብረቱም ወሰን አለው።

አሁን ደግሞ ወደ ባሩዱ እንመለስ። ለአንድ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚገባው ባሩድ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ቡና ላይ የምትነሰነስ ጨው በሏት። ብዙ የባሩድ ዓይነቶች ደግሞ ቀለሃውን አይሞሉትም። ሞይው በመሃል ስልክ ተደውሎለት፣ ወይም ልጁ ጠርቶት፣ ሲመለስ «ይቺን ሞልቻለሁ ወይስ አልሞላሁም?» ካለ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይከተላል።

አንደኛው እጥፍ መሙላት ነው። ሁለት ልክ ባሩድ በአንድ ቀለሃ ውስጥ ይገባና እርሳሷ ከላይ ትደፈንበታለች፤ ከውጭ ምንም አይታወቅም። ሲተኮስ ግን ግፊቱ ከወሰኑ ያልፋል፤ መሣሪያው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ባሩድ መርሳት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ተንኮሉ ግን የባሰ ነው። ባሩድ ባይኖርም ፕራይመሯ ብቻዋን እርሳሷን ገፍታ በርሜሉ ውስጥ ትወሽቃታለች። ተኳሹ የሚሰማው «ጧ!» ሳይሆን «ፕ!» የሚል የላላ ድምፅ ነው። «ከሸፈች» ብሎ ቀጣዩን ጥይት አጉርሶ ከተኮሰ፣ ሁለተኛዋ እርሳስ የተወሸቀችውን ታገኛታለች። በርሜሉ ያብጣል ወይም ይቀደዳል።

እርግጥ ፋብሪካም ይሳሳታል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የፋብሪካው ካርቶን ላይ የምርት ቁጥር አለ። ስህተት ሲገኝ «ይህ ቁጥር ያለበትን አትተኩሱ፣ መልሱልን» ብለው ያስነግራሉ፤ ሱቁም ከመደርደሪያው ያነሳል። የላስቲክ ከረጢቱ ስምም ቁጥርም የለውም። ማን ሞላው፣ መቼ ሞላው፣ በምን ልክ ሞላው ቢባል መልስ የሚሰጥ የለም።

በሬንጅ ውስጥ ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። በግራና በቀኝ፣ ከስስ ግድግዳ ማዶ፣ ሌላ ሰው ቆሟል። ምናልባት ሴት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣ አባት ነው። የእናንተ መሣሪያ ቢፈነዳ ፍንጣሪው ማንነት አይመርጥም። እናንተ ወዳጃችሁን አምናችሁ ተኮሳችሁ እንበል፤ ጎረቤታችሁ ግን ያን ወዳጃችሁን አያውቀውም፣ እመኑልኝ ብሎ የጠየቀውም የለም። ደንቡ የቆመው ለእሱ ነው።

የሬንጅ ደንቦች አንድ ዓይነት አይደሉም

በየቦታው ያለው ደንብ ይለያያልና አንዱን አይቶ ሁሉንም መገመት አያዋጣም። በጥቅሉ ግን ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው «የፋብሪካ ጥይት ብቻ» የሚለው ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ያሉ ሬንጆች ብዙ ጊዜ ይህን ይመርጣሉ። ጥይቱን ከነካርቶኑ ይዛችሁ ብትሄዱ ነገሩ ይቀልላል። አንዳንዶቹ ማግኔት ያስጠጉበታል፤ ብረት ያለበት ጥይት ግድግዳውንና ማቆሚያውን ስለሚጎዳና ብልጭታ ስለሚያስነሳ ነው። ማግኔት ግን ስለ ባሩዱ ልክ የሚነግራቸው ነገር የለም።

ሁለተኛው የኪራይ መሣሪያን ይመለከታል። መሣሪያውን ከሬንጁ ከተከራያችሁ ጥይቱንም ከዚያው ግዙ ይላሉ። ንብረቱ የእነሱ ነው፤ ምን እንደሚጎርስ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው የአባላት ክበቦች ደንብ ነው። የውድድር ተኳሾች የሚሰበሰቡባቸው ክበቦች «ራስህ የሞላኸውን፣ በራስህ መሣሪያ፣ በራስህ ኃላፊነት» ብለው የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ። እዚያ ሁሉም ይተዋወቃል፤ አዲስ አባልም ትምህርት ሳይወስድ አይገባም። ስለዚህ መሙላት የምትወዱ ሰዎች ቦታ አታጡም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ መጠየቅ ብቻ ነው።

ስትገቡ የምትፈርሙትን ወረቀትም አንብቡት። ደንቡን እናከብራለን ብላችሁ ነው የምትፈርሙት። በእጅ የተሞላውን ጥይት የፋብሪካ ካርቶን ውስጥ አድርጎ ማሳለፍ ቀላል ነው፤ መዝጋቢውም ላያውቅ ይችላል። ነገር የመጣ ዕለት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ጥይት ነበር?» የሚል ነው። ብዙ የመሣሪያ ፋብሪካዎችም በእጅ የተሞላ ጥይት ለጎዳው መሣሪያ ዋስትናቸውን ያነሳሉ።

የእኛ ነገር፦ ይሉኝታ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኛ ዘንድ ጥይት ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ትልቁ ገንዘብ የማርያ ትሬዛ ብር፣ ዝርዝሩ አሞሌ ጨውና የውጅግራ ጥይት። ውጅግራ የምንለው ያ የፈረንሳይ ጠመንጃ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያው ነው፤ አድዋ ላይም ተተኩሷል። በገጠሩ እስከ ዛሬ ለሠርግም ለለቅሶም ይተኮሳል፤ ዝናር ሙሉ ጥይት የታጠቀ ሰው የተከበረ ነው። እንዲህ ባለ አገር ላደገ ሰው ጥይት መስጠት ፍቅር ነው፣ መቀበልም ክብር።

እንበልና እዚህ ሲያትል አንድ ታላቅ ወንድም የምትሉት ሰው፣ ሥራው የለመደ ሞይ፣ ግማሽ ከረጢት ጥይት ይዞላችሁ መጣ። «እንካ፣ ሱቅ ሄደህ ገንዘብህን አትጣል፤ እኔ ራሴ የሞላሁት ነው» አላችሁ። እምቢ ማለት ከበደ። የሰውየውን ሙያ መጠርጠር፣ እጁን መግፋት ሆነ። ተቀበላችሁ፣ ሬንጅ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ተኮሳችሁ። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ ሰው የሚጎዳው።

አስቡት፣ ሰውየው የሞላው ለራሱ መሣሪያ ነው። የእሱን በርሜል አይቶ፣ የእሱን ሽጉጥ ሞክሮ ያገኘው ልክ ነው። የእናንተ መሣሪያ ሌላ ነው፤ ምናልባት ያረጀ፣ ምናልባት ለዚያ ኃይል ያልተሠራ። ሐኪም ለሌላ ሰው ያዘዘውን መድኃኒት «እኔን አድኖኛልና ዋጠው» ቢላችሁ ትውጣላችሁ? ከረጢቱ ውስጥ የአንዱም የሌላውም መሣሪያ ጥይት ተቀላቅሎ ቢሆንስ? አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት ወዳጅን ለማስቀየም አይደለም። ገንፎውን የሠራው ሰው ደግ ቢሆንም ስንጥሩ ጉሮሮ ይወጋል።

ደንቡ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውልላችኋል። ይሉኝታ ላለበት ሰው መውጫ በር ነው። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ የምሄድበት ሬንጅ ግን የፋብሪካ ጥይት ካልሆነ አያስገባም» በሉ፣ አለቀ። ሰውየውን አልጠረጠራችሁትም፣ ሙያውንም አልነካችሁበትም፤ ጥፋቱን ደንቡ ተሸከመው። ሌላ ምርጫ ስጡት፦ «ከፈለጉ አንድ ቀን ክበብዎ ድረስ ልምጣና በራስዎ መሣሪያ ሲተኩሱ ልይዎት።» ደስ ነው የሚለው።

የምትሞሉም ሰዎች ብትኖሩ አደራ፣ ለራሳችሁ ሙሉ፣ ለሰው አትስጡ። ልምድ ያላቸው ሞዮች የሌላ ሰው ጥይት አይተኩሱም፣ የራሳቸውንም አይሰጡም፤ ነውር አድርገው አይቆጥሩትም። እኛም እንልመደው።

ስጦታው ሕግም ሊያስነካ ይችላል

ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ እንዳይዙ የከለከላቸውን ሰዎች ጥይትም እንዳይዙ ይከለክላል። መሣሪያ ባይኖርም ጥይቱ ብቻውን ይበቃል። ከተከለከሉት ውስጥ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ይገኝበታል፤ የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአገሪቱ ያለ ሰው፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ማሪዋና የሚጠቀም ሰውም አሉበት። አዎ፣ ማሪዋና በዋሽንግተን ግዛት ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ ነገሩ ሌላ ነው። ክልከላው እንዳለበት እያወቁ ጥይት መስጠትም ወንጀል ነው። በግዛታችን ሕግ ደግሞ ዜጋ ያልሆነ፣ ግሪን ካርድም የሌለው ሰው መሣሪያ ለመያዝ የተለየ ፈቃድ ወይም በሕጉ የተዘረዘሩ ሁኔታዎችን ማሟላት ይጠበቅበታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንኳ በመሣሪያ ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ስለዚህ ከረጢቱን ስትቀበሉም ሆነ ስትሰጡ አስቡበት። ጉዳያችሁ ገና ያልለየ ከሆነ ከወዳጅ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

እርሳስ እና ልጆች

አማርኛችን እርሷን «እርሳስ» ማለቱ ትክክል ነው፤ አብዛኛዋ እርሳስ ናት። ብዙ ፕራይመሮችም ውስጥ እርሳስ አለበት። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ በ2014 በሬንጆች ስላለው የእርሳስ ብክለት ረጅም ተከታታይ ምርመራ ያወጣው ያለ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ጥይት የሚሞላ ሰው ደግሞ ያገለገለውን ቀለሃ ሲያጸዳ የሚነሳው አቧራ እርሳስ አለበት። ይህ ሥራ እንጀራ በሚጋገርበት፣ ልጅ በሚድህበት ክፍል ፈጽሞ አይሠራም። እርሳስ ማቅለጥማ በኪችን ምድጃ ላይ የማይታሰብ ነው።

ከሬንጅ ስትመለሱ ከመብላታችሁና ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት እጅና ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጫማችሁን ደጅ አውልቁ፤ ልብሳችሁን ከልጆች ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ከ2021 ጀምሮ በልጆች ደም ውስጥ በዴሲ ሊትር 3.5 ማይክሮ ግራም እርሳስ ሲገኝ ክትትል ይገባል ይላል። በጣም ትንሽ ነው። ከተጠራጠራችሁ ሐኪማችሁ በደም ምርመራ ያየዋል። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ሬንጅ ላይ ስትቆሙ

የፋብሪካ ጥይት ይዛችሁም ቢሆን እነዚህን አትርሱ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ አትቁሙ። ምላጭ ስባችሁ ምንም ካልተኮሰ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚተኩስ አለ። ድምፁ ከወትሮው ከላላ ወይም መሣሪያው እንደ ወትሮው ካልገፋችሁ በቃ አቁሙ፤ ሌላ ጥይት አታጉርሱ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ የሬንጁን ኃላፊ ጥሩ። በጎረቤታችሁ መስመር አደጋ ካያችሁ «ሲዝ ፋየር!» ብሎ መጮህ ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ይሉኝታ አያስፈልግም።

አንድ ወዳጃችሁ ቀድሞ የሰጣችሁ ከረጢት ቤታችሁ ካለ አትተኩሱት፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት። ለሰጪው መልሱለት፤ ካልሆነም በአቅራቢያችሁ ያለውን ፖሊስ በአስቸኳይ ባልሆነው መስመር ደውላችሁ እንዴት እንደሚረከቡ ጠይቁ። እስከዚያው ልጅ በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ጽሑፍ ሬንጅ ለሚሄድ ወንድማችሁ፣ ባላችሁ ወይም ልጃችሁ አስነብቡልን። ያው መጽሔቱ በነፃ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ይዛችሁ ብትሄዱ ባለ ሱቁ አይቆጣም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።